ጥያቄውን ማን ጻፈው?

አዲስ አበባ እየተለጠጠች በሄደችበት ዳር ሁሉ፣ ቱሉ ዲምቱ ይሁን ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ ይሁን ጀሞ፣ ሰፈር ረጋ ሲል ዳቦ ቤት ይከፈታል፣ ዕድር ይቋቋማል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ የቲያትር ክበብ ብቅ ይላል። ክበቡም ውሎ አድሮ የችሎት ትዕይንት መሥራቱ አይቀርም። ምክንያቱ የጥበብ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ችሎት ርካሽ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ከምረቃ ልብስ አከራይ የመጣ ጥቁር ጋውን፣ የሰፈር አናጢ ከተረፈ እንጨት የቀረጸው መዶሻ። መጋረጃ እንኳ አያስፈልግም። ተመልካቹ ማን በዳይ ማን ተበዳይ እንደሆነ ገና ከአቀማመጡ ያውቃል።

መዶሻው የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ ግን ትንሹ። ከአሜሪካ ፊልም የመጣ ዕቃ ነው። የእንግሊዝ ዳኞች እንኳ አይጠቀሙበትም፤ በእኛም የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ስለ መዶሻ የሚያወራ አንቀጽ የለም። ይሁን፣ በመዶሻ ማንም አይጎዳም። ጉዳቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ በእውነት የኖረ፣ በእውነት ተከሶ በእውነት የተፈረደበት ሰው፣ ከሞተ በኋላ መድረክ ላይ ቆሞ ያልተጠየቀውን ጥያቄ ሲመልስ።

«ድራማው ታሪክ አዛባ» ሲባል ሰው ቶሎ የሚቆጥረው ቀን፣ ልብስና ማዕረግ ነው። እነዚህ በአንድ ማታ ይታረማሉ። የማይታረመው የጥያቄው ነገር ነው። ጥንቁቅ የሚባለው ተውኔት ጸሐፊ መልሱን ከመዝገብ ይወስዳል፤ ጥያቄውን ግን ራሱ ይጽፋል። መጻፉ ግድ ነው፣ ምክንያቱም መዝገቡ ላይ ጥያቄው የለም።

ለምን እንደሌለ ከሕጉ ይጀምራል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 147 ላይ የምስክር ቃል እንዴት እንደሚመዘገብ ይደነግጋል። መጀመሪያ ስም፣ አድራሻ፣ ሥራና ዕድሜ ይሰፍራል፤ ምስክሩ መማሉ ይገለጻል። ቃሉን የሚጽፈው ሰብሳቢው ዳኛ ነው፤ በበቂ ምክንያት ካልቻለ ሌላ ዳኛ፣ ወይም በእሱ ቁጥጥር ሥር ያለ ጸሐፊ ይጽፋል። ዋናው ጥያቄ፣ መስቀለኛው ጥያቄና ድጋሚው ጥያቄ የት ተጀምሮ የት እንዳለቀ ምልክት ይደረጋል። ቃሉ ራሱ ግን እንደ ወትሮው በትረካ መልክ ነው የሚሰፍረው። አንድ የተለየ ጥያቄና መልስ እንደተባለው እንዲጻፍ ዳኛው ካልፈለገ በስተቀር ጥያቄው ይቀልጣል፤ መልሱ ብቻ አንዱ ከሌላው ተያይዞ ይቀመጣል። ዛሬ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የምስክር ቃል በድምፅ ይቀረጻል፤ የድሮውን መዝገብ የሚከፍት ሰው ግን የሚያገኘው ያንን የዳኛ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል፤ የዚያ ዘመን ችሎት ፍጥነት የዳኛው ብዕር ፍጥነት ነበር። ምስክሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ ዳኛው ጎንበስ ብሎ ይጽፋል፣ ሁሉም ይጠብቃል። ከዚያ ቀጣዩ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ምስክሩ ያስባል፣ ተከሳሹ ያያል፣ ጠበቃው ያሰላል። ፊልም ላይ የምናየው ጥያቄና መልስ እንደ ጥይት የሚተኮስበት ክርክር በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሊሆን አይችልም፤ ብዕሩ አይደርስበትም።

የጥያቄ መጥፋት ምን እንደሚያመጣ በቅርብ እንየው። የሚከተለው ለማሳያ የተሠራ ነው፤ የማንም ሰው ቃል አይደለም። መዝገቡ ላይ በትረካ እንዲህ ተጽፎ አገኘን እንበል፦

«ተከሳሹን በሩ ላይ አየሁት። መሸት ብሎ ነበር። ዱላ ይዟል። ሰላምታ አልሰጠኝም።»

አንዱ ጸሐፊ እንዲህ ያደርገዋል፦

— ያን ቀን በሩ ላይ ማንን አየህ?
— ተከሳሹን በሩ ላይ አየሁት። መሸት ብሎ ነበር።
— በእጁ ምን ይዟል?
— ዱላ ይዟል።
— የምታውቀው ሰው ነው፤ ሲያይህ ምን አለህ?
— ሰላምታ አልሰጠኝም።

ሰውየው አለቀለት። ሌላው ጸሐፊ ያንኑ ቃል ይወስዳል፦

— ስንት ሰዓት ነበር?
— መሸት ብሎ ነበር።
— ታዲያ ከብት ሲያስገባ ነው የደረስክበት?
— ዱላ ይዟል።
— ድምፁን ሰምተሃል?
— ሰላምታ አልሰጠኝም።
— ፊቱን ሳታይ፣ ድምፁን ሳትሰማ፣ ማንን አየሁ ነው የምትለው?
— ተከሳሹን… በሩ ላይ አየሁት።

ከምስክሩ አፍ አንድ ቃል አልተለወጠም። በመጀመሪያው ምስክሩ የታመነ ሰው ነው፤ በሁለተኛው የሚሸሽ ሰው ነው። ሁለቱም ጸሐፊዎች ግን በፖስተራቸው ላይ «ከፍርድ ቤት መዝገብ የተወሰደ» ብለው መጻፍ ይችላሉ፤ አልዋሹም ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ከፈጠራ ድራማ ይልቅ የምፈራው ይኼን ዓይነቱን ነው።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። መጀመሪያ ትረካው የትኛው ክፍል ውስጥ እንዳለ መለየት ነው። በመስቀለኛ ጥያቄ ሥር ያለ ዓረፍተ ነገር ለባላጋራ የተሰጠ መልስ ነው፤ ወደ ዋናው ጥያቄ ከተዛወረ ትርጉሙ ይገለበጣል። ቀጥሎ ጥያቄውን ሕጉ በሚፈቅደው ልክ መጻፍ። በቁጥር 137 መሠረት ምስክሩን የጠራው ወገን በዋናው ጥያቄ ላይ መሪ ጥያቄ ማቅረብ አይፈቀድለትም፤ «ዱላ ይዞ ነበር አይደል?» ማለት አይችልም፣ «ምን ይዟል?» ነው የሚለው። መሪ ጥያቄ የመስቀለኛው ድርሻ ነው። የእኛ ድራማ ዐቃቤ ሕግ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ «አይደል? አይደል?» እያለ ነው የሚያልቀው። ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ ይሻላል፤ ጥያቄው ከጠፋ፣ መጥፋቱን መተው። ምስክሩ ለሚጽፈው ዳኛ ይተርክለት፤ ጠያቂው «ከዚያስ?» ብቻ ይበል። ብዕሩ ይሰማ። ለጥሩ ተዋናይ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም።

ወደ ተወዳጁ ትዕይንት እንምጣ። ዐቃቤ ሕጉ ተከሳሹን አፋጦ ይይዘዋል፣ ይዞረዋል፣ ጣቱን ይቀስርበታል፤ ተከሳሹም በመጨረሻ «አዎ! እኔ ነኝ!» ብሎ ይጮኻል። በሕጋችን ይህ ትዕይንት ቦታ የለውም። ቁጥር 142 ተከሳሹ ስለተከሰሰበት ነገር ቃሉን መስጠት ከፈለገ ከመከላከያ ምስክሮቹ ቀድሞ እንደሚናገርና መስቀለኛ ጥያቄ እንደማይቀርብለት ይላል። ፍርድ ቤቱ ብቻ ግልጽ ያልሆነለትን ሊጠይቀው ይችላል። ስለዚህ በ1950ዎቹ መጨረሻ ወይም በ1960ዎቹ የተደረገን የወንጀል ክርክር የሚያሳይ ድራማ ዐቃቤ ሕግን ተከሳሽ ላይ ካስነሣ፣ ያሳየን የካሊፎርኒያን ፍርድ ቤት በአማርኛ ነው።

የቀረው ቅደም ተከተል እምብዛም አይከብድም። ክስ ይነበባል፤ ተከሳሹ ወንጀሉን መፈጸም አለመፈጸሙን ይጠየቃል፣ የእምነት ክህደት ቃል የምንለው ነው። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ይሰማሉ። ከዚያ ድራማ ሁሉ የሚዘልለው ብይን አለ፤ የቀረበው ማስረጃ ክሱን ካላስረዳ ተከሳሹ መከላከያ ሳያቀርብ በነፃ ይለቀቃል። አንድ ቃል ሳይናገር ነፃ የወጣ ሰው ለመድረክ አይመችም መሰለኝ፣ አንድም ጊዜ ሲሠራ አይታይም። መከላከያ ይቀጥላል፣ የመጨረሻ ንግግር ይደረጋል፤ በዚያ ላይ የመጨረሻው ቃል የተከሳሹ ወገን ነው፣ የዐቃቤ ሕግ አይደለም። ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ስለ ቅጣቱ ሁለቱም ወገን ይሰማሉ። «ጥፋተኛ ነህ፤ ሞት ፈርጄብሃለሁ» በአንድ ትንፋሽ አይባልም።

ጊዜን በተመለከተ የደርግ ባለ ሥልጣናት ክስ ከሁሉ የበለጠ ያስተምራል። ችሎቱ ሥራ የጀመረው በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ነው። የጥፋተኝነት ፍርዱ የተነበበው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ የዕድሜ ልክ እስራቱ የተወሰነው ጥር 3 ቀን፣ በይግባኝ ወደ ሞት የተለወጠው ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። ችሎቱ ሲከፈት አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ፍርዱ ሲነበብ 12ኛ ክፍልን ጨርሷል። ዋናው ተከሳሽ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዚምባብዌ ስለነበሩ የታዩት በሌሉበት ነው፤ እሳቸውን ሣጥን ውስጥ አቁሞ የሚያናግር ትዕይንት ከመጀመሪያው ውድቅ ነው። ፍርዱም በአንድ ድምፅ አልነበረም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የዘር ማጥፋትን ሲተረጉም፣ ከዓለም አቀፉ ስምምነት በተለየ፣ የፖለቲካ ቡድንንም ይጨምር ነበር። ያ አንቀጽ በዚህ ጉዳይ ላይ መሠራት አለበት ወይስ ድርጊቱ በከባድ ግድያ መታየት ነበረበት የሚለው ዳኞቹን ሁለት ለአንድ ከፈላቸው። ሦስት ወንበር ደርድሮ ሦስቱንም ዳኞች አብረው ራስ የሚያስነቀንቅ አዘጋጅ የታሪኩን ዋና ጥያቄ ጣለው ማለት ነው። ሦስተኛው ወንበር ይናገር እንጂ።

እንግዲህ 12 ዓመት በ2 ሰዓት ቲያትር ውስጥ እንዴት ይገባል? አብዛኛው ሰው ቀጠሮውን ቆርጦ ይጥላል፤ ክርክሩን ብቻ ያስቀራል። ይኼ ነው የሚያዛባው፤ የእኛ ሰው ፍርድ ቤትን የሚያውቀው በቀጠሮ ነውና። ቀጠሮ ደግሞ ለመድረክ ሲመች! የችሎት ሠራተኛው የመዝገብ ቁጥር ይጠራል፣ ሰው ይነሣል፣ ዳኛው «ምስክር ስላልቀረበ ለ… ተቀጥሯል» ይላል፣ ሰው ይወጣል። ከ40 ሰከንድ አይበልጥም። ሦስት ጊዜ ይደገም። በእያንዳንዱ ጊዜ ከኋላ አግዳሚ ላይ የተቀመጠችው እናት ብቻ ትለወጥ፤ መጀመሪያ ጥቁር ፀጉር፣ ቀጥሎ ሽበት፣ ቀጥሎ ምርኩዝ። አራተኛው ላይ አግዳሚው ባዶ ይሁን። በ3 ደቂቃ ውስጥ ዐሥራ ምናምን ዓመት አለፈ፤ የተዋሸ ነገርም የለም።

ከውጭዎቹ አንድ ምሳሌ ብቻ ቢመረጥ «ኢንሄሪት ዘ ዊንድ» የተባለው ተውኔት ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 መድረክ ላይ ወጣ፣ በ1960 ፊልም ሆነ። መነሻው በ1925 ቴነሲ ውስጥ ዴይተን በምትባል ትንሽ ከተማ ጆን ስኮፕስ የተባለ መምህር ዝግመተ ለውጥን አስተምረሃል ተብሎ የተከሰሰበት ጉዳይ ነው። ድራማው ላይ መምህሩ እስር ቤት ነው፣ ከተማው ሊበላው ደርሷል፣ ተቃዋሚው አዛውንት ፖለቲከኛ ችሎት ውስጥ እየተናገረ ይወድቅና ይሞታል። እውነቱ እንዲህ ነው፤ ስኮፕስ አልታሰረም። ሕጉ እንዲፈተን ተብሎ የከተማው ሰዎች ራሳቸው አግባብተውት ነው ተከሳሽ የሆነው። ሕጉም የገንዘብ መቀጮ እንጂ እስራት አልነበረበትም። የአዛውንቱ ፖለቲከኛ መነሻ የሆነው ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን የሞተው ፍርዱ በተሰጠ በአምስተኛው ቀን፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ተኝቶ ነው።

ይኼ ሁሉ ግን የቀንና የቦታ ስሕተት ነው። ዋናው ያው የጥያቄው ነገር ነው። የስኮፕስ ጠበቃ ክላረንስ ዳሮው ብራያንን ያፋጠጠበት ያ ዝነኛ ጥያቄና መልስ በእርግጥ ተደርጓል፤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን፣ ከሙቀቱ የተነሣ ከአዳራሹ ውጭ ሣር ላይ። ዳኞች የምንላቸው 12ቱ የሕዝብ ተወካዮች ግን አልሰሙትም፤ በቦታው አልነበሩም። በማግሥቱም ከመዝገብ እንዲሰረዝ ታዘዘ። ፍርዱ ላይ አንዳች ድርሻ አልነበረውም። እንዲያውም ዳሮው ራሱ ወደ ይግባኝ እንዲሄድ ብሎ «ጥፋተኛ ነው በሉ» አለ፤ ተወካዮቹም በ9 ደቂቃ ተመለሱ። ቅጣቱ 100 ዶላር። በ1927 የቴነሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ ምክንያቱ ሃይማኖትም ሳይንስም አይደለም፤ ከ50 ዶላር በላይ መቀጮ መወሰን የነበረባቸው ተወካዮቹ ሆነው ሳለ የወሰነው ዳኛው ስለነበር ነው። ድራማው የተሰረዘውን ጥያቄ የፍርዱ ልብ አደረገው። ጸሐፊዎቹ ስሞቹን ሁሉ መለወጣቸውና ሥራው ታሪክ አይደለም ብለው በመቅድሙ መጻፋቸው ይመሰገናል። ግን መቅድም ማን ያነባል? ሰው የሚያስታውሰው ሽማግሌው ሲወድቅ ነው።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ ነገሩ ይገለበጣል። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለዘመናዊው ችሎት ነው፤ በጽሑፍ፣ በዝምታ፣ በቀጠሮ ለሚሄደው። የድሮው የእኛ ሙግት ግን ራሱ ቲያትር ነበር። በላ ልበልሃ የሚባለው አሟገት በግጥም፣ በቅኔ፣ በአነጋገር ብልጫ የሚሄድ ነው፤ ተጠየቅ ብሎ ባላጋራን በጥያቄ ማጥመድ የተከበረ ጥበብ ነበር። ሰው ለማየት ይሰበሰባል፤ አላፊ አግዳሚም ዳኝነት ይቀመጣል። በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዳሉ። ዋስ ያጣ ከከሳሹ ጋር በነጠላ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ቁራኛ ይታሰራል። እስኪ አስቡት፤ ሁለት ባላጋራ አንድ ላይ ታስረው ሲበሉ፣ ሲሄዱ፣ ሲተኙ። ለዚህ ዘመን ድራማ ሲሠራ የምናየው ስሕተት ተቃራኒው ነው፤ ሁሉንም የዛሬ ቢሮ ያስመስሉታል። በምኒልክ ችሎት ላይ ዐቃቤ ሕግ ያቆማሉ፤ ከሳሹ ራሱ ተበዳዩ ሆኖ ሳለ። ፋይል ይገልጣሉ፤ ነገሩ በቃል ሆኖ ሳለ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ንጉሡን ቀድመው ማናገራቸው ነው። በዙፋን ችሎት ፍርድ ሲሰጥ አስተያየት የሚጀምረው ከታች ነው፤ በማዕረግ ዝቅተኛው መጀመሪያ ይናገራል፣ እያለ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ንጉሠ ነገሥቱ መጨረሻ ነው። ታናሹ የጌታውን ፊት አይቶ እንዳይናገር የተበጀ ሥርዓት ነው። ድራማችን ግን ንጉሡን ገና ከመጀመሪያው በቁጣ ያስነሣና ሌላውን ሁሉ አጎንባሽ ያደርጋል። ሥርዓቱን ጠብቆ ቢሠራ ደግሞ ውጥረቱ ይብሳል፤ ስምንት ሰው በየተራ ሲናገር ንጉሡ ዝም ብለው ሲሰሙ፣ ተመልካቹ ፊታቸውን ብቻ ነው የሚያየው። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ፍርዱን የያዙትን አፈ ንጉሥ ነሲቡን ለመድረክ የሚያስብ ሰው ካለ፣ ከዚህ ይጀምር።

ችሎት ባልነበረበት ችሎት መፍጠር ደግሞ ሌላ ነው። የ1953ቱ የታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ሲሠራ ሁለቱን ወንድማማቾች ጎን ለጎን ተከሳሽ ሣጥን ውስጥ ማቆም ያጓጓል። ገርማሜ ንዋይ ግን ለፍርድ አልቀረበም፤ ቀድሞ ሞቷል። ተከሶ፣ ተፈርዶበት፣ በመጋቢት በስቅላት የተቀጣው ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የተገደሉት 60 ያህል ባለ ሥልጣናትና መኮንኖች ደግሞ ጭራሽ ፍርድ ቤት አላዩም፤ ደርግ ራሱ «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ነው ያለው። ለነዚያ ሰዎች የመድረክ ችሎት ሠርቶ ጠበቃ የሚያቆምላቸው ሰው፣ በቅን ልቦናም ቢሆን፣ የተነፈጉትን ነገር እንዳገኙ እያስመሰለ ነው።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት»ን ሲጽፍ ይኼን ወጥመድ ያለፈበት መንገድ ይገርማል። አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በጣሊያን ወታደራዊ ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸው ተረሸኑ። ባለቅኔው የዳኞቹን ጥያቄ አልፈጠረም፤ ሰውየውን ከእመ ብርሃን ጋር አነጋገራቸው። ያንን ማንም መዝገብ ነው ብሎ አይሳሳትም። ፈጠራው ፈጠራ መሆኑን ከሩቁ ይናገራል።

ሰው ማዋሐድም የተለመደ ዘዴ ነው። 40 ምስክር ወደ 5 ይጠባል፣ የሦስት ሰው ቃል በአንድ አፍ ይነገራል። ማዋሐዱ ኃጢአት አይደለም፤ ለተዋሐደው ሰው የእውነተኛ ሰው ስም መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። አርተር ሚለር በ«ዘ ክሩሲብል» እ.ኤ.አ. በ1692 በሴሌም በጥንቆላ ተከሰው የተሰቀሉትን ሰዎች በስማቸው ጠርቶ፣ 11 ወይም 12 ዓመት የነበራትን ልጅ 17 አድርጎ፣ ወደ 60 የተጠጋውን ገበሬ በ30ዎቹ አስቀምጦ፣ በመካከላቸው የፍቅር ጉዳይ አስገባ። ዕድሜ መለወጡን አልደበቀም። ያም ሆኖ የዚያች ሕፃን ስም ዛሬ በዓለም ሁሉ የአመንዝራ ስም ነው። በተቃራኒው ፒተር ቫይስ ከ1963 እስከ 1965 ፍራንክፈርት ውስጥ በኦሽዊትዝ የሞት ካምፕ ሠራተኞች ላይ ከተካሄደው ክርክር ተነሥቶ «ምርመራው»ን ሲጽፍ፣ ከ300 በላይ ምስክሮችን ወደ 9 አጠበበ፤ ዘጠኙን ግን ስም አልሰጣቸውም፤ ምስክር 1፣ ምስክር 2 ብቻ። 18ቱን ተከሳሾች በየስማቸው ጠራ። የሚዋሐደው ስም አልባ ይሁን፣ ስም ያለው አይዋሐድ። ለማንኛውም ክበብ የሚበቃ ደንብ ነው።

ሕያው ሰው ሲሆን ነገሩ ይጠነክራል። «ድፍረት» የተባለው ፊልም በ1988 ዓ.ም. ገደማ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች ልጅ ራሷን በመከላከል ነፃ ከወጣችበት ጉዳይ የተነሣ ነው። ስሟን ለውጧል። ያም ሆኖ በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊታይ በተዘጋጀበት ምሽት በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ አቤት ያለችው ባለታሪኳ ነበረች። ስም መለወጥ ብቻውን እንደማያድን ያሳያል፤ ጉዳዩ አንድ ሲሆን ሁሉም ያውቃታል። በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ የዘመኑን ሕግ ማወቅ። በ1949ኙ ሕግ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን በሕጋዊ መንገድ ካገባችው ክሱ ይቀር ነበር። ያ የቀረው በ1997ቱ የወንጀል ሕግ ነው። የ1988 ዳኛ በ1997 አንቀጽ ሲፈርድ ካሳየን፣ የልጅቷ ጠበቆች የታገሉትን ግንብ አፍርሰን ነው ሜዳው ላይ ያቆምናቸው።

ከተማዋ ዳር ላይ ለሚሠራ ደግሞ ከመሐል ከተማ የማይታይ አንድ ነገር አለ፤ ቋንቋ። አንዳንዱ ሰፈራችን ላይ አስፋልቱን ሲሻገሩ ፍርድ ቤቱ ይለወጣል። ወዲህ ማዶ ክርክሩ በአማርኛ ነው፤ ወዲያ ማዶ ኦሮሚያ ነው፣ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሹ ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ከሆነ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት ይላል። ታዲያ በየድራማው አስተርጓሚው የት ገባ? ገበሬው፣ ዳኛው፣ ደላላው ሁሉ አንድ ዓይነት የሬዲዮ አማርኛ ይናገራሉ። አስተርጓሚ ያለበት ችሎት በእጥፍ ይረዝማል፤ ከዚያም በላይ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የምስክሩ ቃል ሳይሆን የአስተርጓሚው ነው። በ1431 የተከሰሰችው ዣን ዳርክ በፈረንሳይኛ መለሰች፤ የክርክሩ ይፋ መዝገብ የተዘጋጀው ግን በላቲን ነው። ዛሬ በእሷ ስም በየመድረኩ የሚነገረው የትርጉም ትርጉም ነው። አስተርጓሚውን መድረክ ላይ ማቆም ሁለተኛ ብዕር እንደ መጨመር ነው፤ ተመልካቹ ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ የሰፈራችን ሰው ከሆነ፣ የተባለውና የተተረጎመው ሲለያይ ከዳኛው ቀድሞ ያውቃል። እንዲህ ያለ ተመልካች የታደለ አዘጋጅ ብዙ አይደለም።

ስለ ፍጻሜው አንድ ነገር ቀርቷል። ድራማ ሁሉ የሚያልቀው በጩኸት፣ በእልልታ ወይም በካቴና ድምፅ ነው። ዳኛው ፍርዱን አንብቦ ሲጨርስ ግን ገና «ትዕዛዝ» የሚል ክፍል አለ። የፍርዱ ግልባጭ ለማረሚያ ቤት ይተላለፍ፤ ይግባኝ መብት ነው። ይግባኙን ለማስታወቅ 15 ቀን አለ፤ ግልባጩ ከደረሰ በኋላ ማመልከቻውን ለማቅረብ 30 ቀን። ሰው ይህን አይሰማም፤ ገሚሱ ያለቅሳል፣ ገሚሱ ወንበር ይገፋል፣ ፖሊሱ ተከሳሹን ክንዱን ይዞታል። ዳኛው ግን ድምፁን ሳይለውጥ ማንበቡን ይቀጥላል፤ የመጨረሻዋን መስመር ይደርሳል፦ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።» ከዚያ ፋይሉን ያጥፍና ቀጣዩን የመዝገብ ቁጥር ይጠራል።